ከቡሄ እስከ ደመራ፦ ከሰሉ፣ ችቦውና ርችቱ ሳይጎዳን በዓሉን እንዴት እናሳልፍ?

  

እነሆ የሆያ ሆዬ ሰሞን ደረሰ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ከዚያ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 16 ደግሞ ደመራ። በ40 ቀን ገደማ ውስጥ ሦስት ትልልቅ በዓላት ማለት ነው። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ነገር ምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እሳት! ችቦ ይለኮሳል፣ ደመራ ይበራል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዘይት ይጋላል።

እኔ "እሳት አታንድዱ፣ በዓል አታክብሩ" ልል አልመጣሁም። እኔም ችቦ ዙሪያ እየጨፈርኩ ነው ያደግኩት። ግን በበዓል ዋዜማ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነ ሐኪም ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ፦ ርችት እጁ ላይ የፈነዳበት የ10 ዓመት ልጅ፣ የጋለ ዘይት የተደፋባት እናት፣ ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ ተኝተው ራሳቸውን የሳቱ የቤተሰብ አባላት። የሚያሳዝነው ደግሞ አብዛኛው በትንሽ ጥንቃቄ የሚቀር ነበር። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ በተለይ "ቃጠሎ ቢደርስስ?" የሚለውን ክፍል።

1. ከሰል፦ የማይጨሰው ነው የሚያስፈራው

ነሐሴ ላይ ይዘንባል፣ ይበርዳል። ቡና ሊፈላ ፈርኔሎው ወደ ቤት ይገባል። ብርዱ እንዳይገባ በርና መስኮት ይዘጋል። ቡናው ካለቀ በኋላም "ቤቱን ያሙቅልን" ተብሎ ፍሙ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ጋደም ይላል።

ብዙ ሰው የሚነግረኝ ነገር አለ፦ "ዶክተር፣ ከሰሉ እኮ በደንብ ቀልቶ ጭሱ አልቆ ነበር።" ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ተነስታችሁ በር እንድትከፍቱ ያስገድዳችኋል። በሌላ አነጋገር ጭስ ያስጠነቅቃል። ቀልቶ ከሚነደው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። ማንንም ሳይቀሰቅስ ነው የሚገባው።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰውን ሂሞግሎቢን እንደ ሚኒባስ ታክሲ አስቡት። ኦክስጅን ተሳፋሪ ነው፤ ከሳንባ ይሳፈራል፣ አንጎልና ልብ ጋ ሲደርስ "ወራጅ አለ" ብሎ ይወርዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ወንበሩን ይዞ አልወርድም የሚል ተሳፋሪ ነው። ሂሞግሎቢንን የሚይዝበት ጥንካሬ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ታክሲው ሙሉ ሆኖ ይዞራል፣ አንጎል ግን ፌርማታ ላይ ቆሞ ኦክስጅን ይጠብቃል።

አንድ የነሐሴ ማታ ተረኛ ሆኜ እናትና ሁለት ልጆች አብረው መጡ። ሦስቱም ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ትንሿ ልጅ አስመልሷታል። እናትየው "የበላነው ምግብ ይሆናል ዶክተር" አሉኝ። ትኩሳት የላቸውም፣ ተቅማጥ የላቸውም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 98 ያሳያል፤ ያ ደግሞ ጤነኛ ቁጥር ነው። ግን ሦስት ሰው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ዓይነት ራስ ምታት መታመሙ ብቻውን ጥያቄ ነው። "ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?" አልኳቸው። "አዎ፣ ግን ምንም አይጨስም ነበር" አሉ። ወዲያው በጭምብል ከፍተኛ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ልጆቹ ብስኩት መጠየቅ ጀመሩ።

መለኪያው ለምን 98 አለ? ምክንያቱም ይህ የተለመደው መሣሪያ ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደተቀመጠበት አይለይም። ስለዚህ በኮቪድ ጊዜ የገዛችሁት ትንሽ መለኪያ ቤት ካላችሁ፣ ከሰል ላመመው ሰው "ቁጥሩ ጥሩ ነው" ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ይህንን ጋዝ መቼ ነው መጠርጠር ያለባችሁ? ከሰል ወይም ጀነሬተር ባለበት ቤት ውስጥ ሆናችሁ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ወይም ግራ መጋባት ሲመጣ። በተለይ ከአንድ በላይ ሰው በተመሳሳይ ጊዜ ካመመው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ቀለል የሚላቸው ከሆነ። "ደክሞኛል፣ ትንሽ ልተኛ" የሚል ሰው እዚያው ቤት ውስጥ እንዲተኛ አትፍቀዱ። ብዙዎች የሚሞቱት በእንቅልፍ ነው።

ነፍሰ ጡሮች የበለጠ ይጠንቀቁ። ጋዙ ወደ ፅንሱም ያልፋል፤ የፅንሱ ደም ደግሞ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቶሎም አይለቀውም። እናትየው ቀለል ያለ ራስ ምታት ብቻ ተሰምቷት ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ከሰል ካመማት "አሁን ተሽሎኛል" ብትልም ሆስፒታል መታየት አለባት።

ታዲያ ምን እናድርግ?
- ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ፣ ከቻላችሁም ቡናውን በረንዳ ወይም ደጅ አፍሉት።
- ቤት ውስጥ ከገባ በርም መስኮትም ይከፈት። አንድ ቀዳዳ ብቻ አይበቃም፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት።
- ቡናው እንዳለቀ ፍሙ ይውጣ። ለማሞቂያ አይቀመጥ፤ እሱን ይዞ መተኛትማ በፍጹም!
- መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተርም ይህንኑ ጋዝ ነው የሚያወጣው። ሱቅ ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ ወይም መስኮት ሥር አይቀመጥ።
- ጥግ ላይ ውሃ ማስቀመጥ፣ ከሰሉ ላይ ጨው መነስነስ፣ ሎሚ ማሽተት፣ ወተት መጠጣት ጋዙን አያጠፋውም። ደም ውስጥ የገባውን የሚያስወጣው ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው። በተለመደው አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሆስፒታል ውስጥ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። "ቤት ሆኖ ይሻለዋል" የማንለው ለዚህ ነው።

ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ እዚያው ሆናችሁ ልርዳው ሳትሉ ቶሎ ወደ ውጭ አውጡት፣ አምቡላንስ ጥሩ። በአፉ ምንም ነገር አትስጡት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

2. ጥብሱ፣ ዘይቱና ሲሊንደሩ

አሁን አሁን ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሥጋ መጥበስ እየተለመደ ነው። ደስ ይላል። ግን በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ማለት ክፍል ማለት ነው፤ ከላይ ስለ ከሰል ያልኩት ሁሉ እዚያም ይሠራል። ፈርኔሎው የማይወላገድ ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ ከተሰጣ ልብስ፣ ከመጋረጃና ከሲሊንደር ይራቅ።

ከሰሉ አልያዝ ሲል ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ ወይም አልኮል ጠብ የማድረግ ልማድ አለ። እባካችሁ ተዉት። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ተንኖ አየር ላይ ያለው እንፋሎት ነው፤ በዓይን አይታይም፣ ሲያያዝ ደግሞ ነበልባሉ እስከ ጠርሙሱ ድረስ ተመልሶ እጃችሁ ላይ ይመጣል። ሳኒታይዘርም ያው አልኮል ነው። ነበልባሉ ቀን ላይ በደንብ ስለማይታይ እሳቱ ጠፍቷል ብሎ ደግሞ የሚያፈስ ሰው ራሱን ያቃጥላል። በቃ፣ ከሰሉን በማራገቢያ አራግቡት፤ ትዕግሥት ይሻላል።

ድስት ወይም መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ አታፍሱበት! ውሃው ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በዚያ ሙቀት በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፣ የሚነደውን ዘይት ወደ ፊታችሁና ወደ ጣሪያው ይረጨዋል። ትክክለኛው መንገድ ምድጃውን ማጥፋት፣ ድስቱን በክዳኑ መክደንና እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት ነው። እየነደደ ያለ ድስት ተሸክሞ ወደ ውጭ መሮጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

ሲሊንደር የምትጠቀሙ ከሆነ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ቱቦውንና መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው ከተንፎለፎለ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር የለም! የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ሽታው ከመጣ መዝጊያውን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ መብራት አታብሩም አታጥፉም (ትንሿ ብልጭታ ትበቃለች)፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ስልክም ውጭ ሆናችሁ ደውሉ።

የበዓል ቤት ውስጥ ሌላ የማንጠረጥረው ነገር ቄጤማው ነው። እርጥብ ሲሆን አይነድም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ግን ደርቆ ገለባ ይሆናል፣ ፍም ቢወድቅበት ይያያዛል። ከፈርኔሎው ሥር ጠረግ አድርጉት።

ለሕፃናት ደግሞ አንድ ቀላል ሕግ አለችኝ፦ የ1 ሜትር ክልል። በፈርኔሎው፣ በጀበናውና በዘይቱ ዙሪያ 1 ሜትር ያህል ልጅ የማይገባበት ክልል ይሁን። ልጅ አዝላችሁ ወይም አቅፋችሁ ቡና አትቅዱ። የጠረጴዛ ልብሱ ተንጠልጥሎ ልጅ ሊጎትተው አይገባም። የሕፃን ቆዳ ከአዋቂው ስስ ነው፤ ለእናንተ "ሞቅ ያለ" የሆነው ሻይ ለእሱ ቃጠሎ ነው።

አመዱንስ? ፍም ያለበትን አመድ በፌስታል አድርጎ ቆሻሻ ውስጥ መጣል አደጋ ነው። አመድ ከላይ ቀዝቅዞ ከውስጥ ለረጅም ሰዓት ይግላል። ውሃ በደንብ አጠጥታችሁት፣ በብረት ዕቃ አሳድራችሁ ጣሉት።

3. ችቦና ደመራ

ችቦ ሲለኮስ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ለብሰናል?" የሚለው ይሁን። ነጠላ ሰፊ ነው፣ ጫፉ ዘርፍ አለው፣ ጥጡም ቶሎ ይያያዛል። ነጠላውን አጣፉትና ከኋላ ቋጥሩት። ሰው ሠራሽ ጨርቅና ሰው ሠራሽ ፀጉር ደግሞ ሲነድ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ የሚያስከትለው ቃጠሎ ጥልቅ ነው። ረጅም ፀጉራችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ለልጅ የሚነድ ችቦ አትስጡ። ይዞ መዞር ከፈለገ ያልተለኮሰ ይያዝ፣ የሚለኩሰው ትልቅ ሰው ይሁን። የሰፈር ደመራ ስትደምሩ ቦታው ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከቆሙ መኪናዎች፣ ከላስቲክና ከሸራ ቤቶች ይራቅ። እንጨቱ በዝናብ ስለራሰ ብላችሁ ቤንዚን አታርከፍክፉ። ሁለት ባልዲ ውሃና የተወሰነ አሸዋ አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ደመራው ወደ የት ይወድቃል የሚለውን ሁላችንም በጉጉት ነው የምንጠብቀው፣ አይደል? እንግዲህ የትም ሊወድቅ ስለሚችል ርቀታችሁ ከደመራው ቁመት ይበልጥ። ቁመቱ 4 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 6 ሜትር ራቁ። ከነፋሱ በተቃራኒ በኩል ብትቆሙ ብልጭታውና ጭሱ አይደርስባችሁም። አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ኪሱ ይያዝ፣ ጭሱ ካለበት ይራቅ።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የማግስቱ ጠዋት ነው። አመዱ ነጭ ሆኖ የቀዘቀዘ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ፍም አለ። ባዶ እግሩን የሮጠ ልጅ እግሩ ሥር ክፉኛ ይቃጠላል። ግንባራችሁን ልትቀቡ አመድ ስታነሱም ከዳር፣ መቀዝቀዙን አረጋግጣችሁ ይሁን።

አንድ ነገር በአደራ ልናገር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት አጠገብ ብቻውን አይቀመጥ። ድንገት ቢጥለው እሳቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ራሱን ስለማያውቅ ደግሞ እጁን አያነሳም። እጅግ ጥልቅ የሆኑ ቃጠሎዎች የሚደርሱት በዚህ መንገድ ነው። ያ ሰው ከበዓሉ ይገለል ማለቴ አይደለም፤ አጠገቡ ሰው ይሁን፣ ምግብ ማብሰሉን ሌላ ሰው ይሥራ፣ የበዓል ግርግር መድኃኒቱን አያስረሳው። ሲጥለው ክብሪት ማሽተትም ይቅር፤ ከእሳት አርቃችሁ በጎኑ አስተኙት።

4. ርችት፦ "ትንሽ ናት" አትበሉ

የአዲስ አበባ ፖሊስ በበዓል ሰሞን ርችት መተኮስ ክልክል መሆኑን በተለያዩ ጊዜያት አሳስቧል። እኔ ደግሞ ከሕጉ በተጨማሪ የሕክምናውን ጎን ልንገራችሁ።

በልደት ኬክ ላይ የምትሰካው፣ ልጆች በእጃቸው ይዘው የሚያዞሯት ብልጭልጭ ርችት ምን ያህል ትሞቃለች? ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትደርሳለች። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ከፍታችን የተነሳ በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አስቡና አወዳድሩት። ብልጭታው ካለቀ በኋላም ሽቦው ቆዳ የሚያቃጥልበት ሙቀት ላይ ይቆያል። ልጅ ደግሞ ሲጠፋ ነው የሚነካው። ስለዚህ ሽቦው ወዲያው ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ይግባ።

የምትፈነዳዋ ርችት ሦስት ቦታ ታጠቃለች፦ እጅ፣ ዓይንና ጆሮ። ጣትን ልትቆርጥ፣ የዓይን ብሌንን ልታፈርጥ፣ በቅርብ ስትፈነዳ የጆሮ ታምቡር ልትቀድ ትችላለች። ዓይኑ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የተኮሰው ሰው ብቻ አይደለም፤ ቆሞ ሲያይ የነበረው ነው።

ሁለት የማይታለፉ ሕጎች፦
- ተለኩሳ ያልፈነዳች ርችት አትነካም፣ ድጋሚ አትለኮስም። "ምን ሆና ነው?" ብሎ ጎንበስ ያለ ሰው ፊቱ ላይ ልትፈነዳበት ትችላለች። 20 ደቂቃ ራቁ፣ ከዚያ ከርቀት ውሃ በደንብ አፍሱባት።
- ጠዋት መንገድ ላይ ወድቃ የተገኘች ርችት ልጅ አያንሳት። ልጆቻችሁን ዛሬውኑ ንገሯቸው።

ሌላም አለ። ከጎረቤታችሁ የተኩስና የጦርነት ድምፅ ያሳለፈ ሰው ሊኖር ይችላል። ለእናንተ ጨዋታ የሆነው ፍንዳታ ለእሱ ያንን ቀን ይመልስበታል፤ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አያገኝም። አራስ ቤት አለ፣ የልብ ሕመምተኛ አለ። እንቁጣጣሽ ያለ ፍንዳታም እንቁጣጣሽ ነው።

5. ቃጠሎ ቢደርስስ? (ይህን ክፍል ሴቭ አድርጉት)

ሀ. እሳቱን አስቁሙ። ልብሱ የተያያዘበት ሰው መሮጥ የለበትም፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋል። ይቁም፣ ይተኛ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይንከባለል። እናንተም በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ሸፍናችሁ አፍኑት።

ለ. ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ። የተቃጠለውን ቦታ በቀዝቃዛ (በበረዶ ያልሆነ) የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። በሰዓት ያዙት፤ 20 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ብዙ ሰው በ2 ደቂቃ ያቆማል። እሳቱ ከተወገደ በኋላም ሙቀቱ ቆዳ ውስጥ ሆኖ ወደ ታች ማቃጠሉን ይቀጥላል፤ ውሃው ይህንን ነው የሚያስቆመው። ዘግይታችሁም ከሆነ አትተዉት፤ በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይጠቅማል።

"ዶክተር፣ ውሃ ጠፍቷልኮ!" አውቃለሁ፤ ተራችን ያልደረሰ ቀን በዓል ይመጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ካላችሁ በኩባያ በደቂቃ 1 ሊትር ያህል ቀስ እያላችሁ ብታፈሱ 20 ደቂቃ ይበቃችኋል። ስለዚህ ለበዓል ዋዜማ አንድ ሙሉ ጀሪካን ለዚህ ብላችሁ አስቀምጡ። እሱም ከሌለ ንጹሕ ጨርቅ እየነከራችሁ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ሕፃን ከሆነ ወይም ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ የተቃጠለውን ቦታ ብቻ አቀዝቅዛችሁ ቀሪውን ሰውነት በብርድ ልብስ አሙቁ፣ እንዳይበርደው።

ሐ. ቀለበት፣ የእጅ አምባር፣ ሰዓትና ቀበቶ ቶሎ አውልቁ። ሲያብጥ አይወጣም፣ ደም ያግዳል። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አትገንጥሉ።

መ. ምንም አትቀቡ። የጥርስ ሳሙና፣ ጥሬ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ ጭቃ... ሁሉንም አይቻቸዋለሁ። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሙቀቱን እዚያው ያፍኑታል፣ ጀርም ያስገባሉ፣ እኛም ሆስፒታል ውስጥ ቁስሉን ለማየት ስናጥበው በሽተኛው ድጋሚ ይሰቃያል። በረዶም አታድርጉ፤ የተጎዳውን ቆዳ የባሰ ይጎዳዋል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

ሠ. በንጹሕ ፕላስቲክ መጠቅለያ (ምግብ የምንሸፍንበት ስስ ፕላስቲክ) ወይም በታጠበ ንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ጥጥ አታድርጉ፣ ይጣበቃል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሰጣል፤ ለልጅ መጠኑ በክብደቱ ነውና ፋርማሲስት ጠይቁ።

6. መቼ ነው ሆስፒታል መሄድ ያለብን?

መለኪያ ቤታችሁ አለ፦ የተጎጂው መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ ቆዳ 1 በመቶ ያህል ነው። ውሃ የቋጠረው ቃጠሎ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ ሐኪም ይየው። ቢያንስም እንኳ የሚከተሉት ካሉ አትጠብቁ፦
- ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም የመራቢያ አካል ላይ ከሆነ
- ነጭ፣ ቡናማ ወይም የከሰለ ሆኖ የማያም ከሆነ። ልብ በሉ! "አያመኝም" ጥሩ ዜና አይደለም፤ ነርቩ ተቃጥሏል ማለት ሊሆን ይችላል
- እሳቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከነበረ፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም የአፍንጫው ፀጉር ከተቃጠለ። የመተንፈሻ ቧንቧው እያበጠ ሊሆን ይችላል
- ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ
- በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል ከሆነ

የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባትም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

ርችት ዓይን ላይ ከደረሰ፦ አትሹ፣ አትጫኑ፣ የተሰካ ነገር አትንቀሉ፣ ጠብታም ቅባትም አታድርጉ፣ በውሃም አትጠቡት። ዓይኑን ሳይነካ ከላይ በወረቀት ኩባያ ሥር ሸፍናችሁ ወዲያው ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። (ኬሚካል ከገባበት ግን ተቃራኒው ነው፤ ያኔ ወዲያው ብዙ ውሃ ነው የሚያስፈልገው።) እጅ ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ይዛችሁ ከፍ አድርጉት። ጣት ከተቆረጠ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አስቀምጡ። ጣቱ ራሱ በረዶውን አይንካ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ የካቲት 12 ሆስፒታልና አቤት ሆስፒታል ለቃጠሎ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ ለዓይን የተለየ ክፍል አላቸው። ከባድ ከሆነ ግን ቅርብ ወደሆነው ተቋም ቀድማችሁ ድረሱ፤ የመጀመሪያ እርዳታ አግኝቶ መላክ ይቻላል።

ስልክ ላይ አሁኑኑ መዝግቡ፦
- እሳት አደጋ (አዲስ አበባ)፦ 939
- ቀይ መስቀል አምቡላንስ፦ 907
- ፖሊስ፦ 991

ለዋዜማው አምስት ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ ይኑር። ከሰል ይዞ የሚተኛ ሰው አይኑር። ዘይት ሲነድ ክዳን እንጂ ውሃ አይሆንም። ልጅ እጅ ላይ ርችት አይገኝ። ለቃጠሎ 20 ደቂቃ ውሃ፣ ሌላ ምንም።

ይህን ጽሑፍ በተለይ በበዓል ቀን ኩሽና ለሚውሉ እናቶችና እኅቶች፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ከሰል ለሚጠቀሙ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ስልክ የሌላቸው ወይም ማንበብ የማይችሉ ካሉ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፤ አንድ ቡና የሚፈላበት ጊዜ ይበቃል። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ከተረኝነት ስወጣ እመልሳለሁ። አስቸኳይ ከሆነ ግን የእኔን መልስ አትጠብቁ፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እንኳን አደረሳችሁ! ዓመት ዓመት ያድርስልን። መልካም በዓል!